ድልድዩ ሸ

ሐኪሟ ገና ልጅ ናት። ጓንቷን እያጠለቀች «ብሪጅ ነው የምንሠራልዎት፤ ድልድይ ማለት ነው» ስትለው፣ «ወንዙ የታለ?» ብሎ ሊቀልድባት ፈለገ። አፉ በመድኃኒት ደንዝዞ ስለነበር ግን ከቀልዱ የወጣው «ንዙ ታአ» የሚል ማቃሰት ብቻ ነው። እሷም አመመው ብላ ሌላ መርፌ ጨመረችለት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በድልድዩ ላይ ቂም ያዘ።

ጥፋቱ የራሱ ነው። ይህን ደግሞ ሚስቱ ጠዋትና ማታ ታስታውሰዋለች። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የረቂቅ እሽግ የሚታሰርበትን ሲባጎ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በጥርሱ ሲበጥስ ኖሮ፣ አንድ ማለዳ ሲባጎው እንዳለ ሆኖ ጥርሱ ተበጠሰ። የላይኛው የፊት ጥርስ፣ ያውም መሀል ላይ ያለው። «መቀሱ የት ነበር?» ትለዋለች ሚስቱ። መቀሱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ከክንዱ አንድ ስንዝር ርቆ ነበር። ይህን ለማንም አይናገርም።

አሁን ግራና ቀኝ ያሉት ጤነኛ ጥርሶቹ ተሞርደው፣ ሦስት ጥርስ አንድ ላይ የተያያዘ ነገር ከላያቸው ተለጥፏል። በመስታወት ሲያየው ቆንጆ ነው፤ ያስጠረጠረውም ቁንጅናው ነው። የቀሩት ጥርሶቹ የስንት ዓመት ሻይ የጠጡ፣ ባለቤታቸውን የሚያውቁ ናቸው። ይህ ግን ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ የሌላ ሰው ጥርስ ነው። ምላሱም አላመነውም። ሥራ ፈትቶ ከኋላው እየሄደ ይዳብሰዋል፣ ይገፋዋል፣ ወፍራም ነው ብሎ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል።

ሰውዬው ሥራው ማንበብ ነው። እንደ እኔና እንደ እናንተ ማንበብ አይደለም። ማተሚያ ቤቱ የእርማት ክፍል ውስጥ ዋናውን ረቂቅ ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ጓደኛው ደግሞ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ተተይቦ ለእርማት የወጣውን ወረቀት በዓይኗ ትከተላለች። የሰማችውና ያየችው ካልተስማማ በቀይ ታርማለች፣ ከሥር ትፈርማለች። ሲያነብ ነጥቡም ሰረዙም ይነበባል። አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ፊደላት እንዳይምታቱ ደግሞ በየስማቸው ይጠራሉ፦ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ። «ሠራተኛ፣ በንጉሡ፤ ሰነድ፣ በእሳቱ፤ አራት ነጥብ፤ አዲስ መስመር» እያለ ሲወርድ፣ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ማሽነሪው ክፍል ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ነው «ራዲዮ» ያሉት።

ጓደኛው ባለመነጽሯ ናት። መነጽሯን ገመድ አስራበት አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ቤቱን፣ ያችን ቡናማ የመነጽር ማኖሪያ፣ ቀኝ እጇ አጠገብ ታስቀምጣለች። ነጥብ የምታህል ስህተት አታልፍም። ቀልድም አታልፍም። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞት «ም»ን «ብ» እያለ ሲያነብ ሳምንት ሙሉ «እንደብን አደሩ ጋሼ?» እያለች አስቃበታለች።

ችግሩ የተፈጠረው በአለቃው አፍ ነው። ከራዲዮ የመጀመሪያ ልጅ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ግን አለቃ አለቃ ነው። ጥርሱ ከመሰበሩ ከወር በፊት በራቸው ላይ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ «አንድ ሰው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ በዓይኑ ቢያስተያይ ምን ይጎድላል? አንባቢ ለምን አስፈለገ?» አለ። መልስ አልጠበቀም። «በዓመቱ መጨረሻ እናየዋለን» ብሎ ሄደ። ለራዲዮ ጡረታ ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ያለ አንባቢ የሚሠራ የእርማት ክፍል ማለት ባለመነጽሯ ያለችበት፣ እሱ የሌለበት ክፍል ማለት ነው። ይህን ያን ዕለት ሁለቱም ተረድተውታል፤ አንዳቸውም አላነሱትም።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ድልድዩ የገባው።

የመጀመሪያውን ውርደት የቀመሰው ሱቅ ነው። ሳሙና አንስቶ ባለሱቋን ዋጋውን ጠየቃት። «ስንት ነው?» ማለቱ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን «ሽንት ነው?» ነው።

«ከጀርባ ነው አባባ» አለችው ባለሱቋ በደግነት፣ በእጇ እያሳየች። «ቀጥ ብለው ይሂዱ። ውሃ ግን የለም።»

ከማስረዳት መሄድ ይሻላል ብሎ ሄደ። ደርሶም ተመለሰ። ሳሙናውን ሳይገዛ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ ሰምታ ትራሷ ላይ ተደፍታ ሳቀች። «ራዲዮው ጣቢያ ስቷል!» አለች። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ሰ ያለበትን ቃል ሁሉ መሸሽ ጀመረ። ስኳር ሲፈልግ በአገጩ ይጠቁማል። ሰዓት ሲጠይቅ የእጁን አንጓ ይመታል። የዘመድ ስልክ ሲደወል ይስላል። ሐኪሟ «ምላስዎ መንገዱን እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት ነው፤ ካልተስተካከለ ይምጡ» ብላዋለች። እሱ ግን ሐኪሟንም ጠርጥሯል። ማን ያውቃል፣ የሌላ ሰው ልክ ይሆናል የሰጠችው።

ሰኞ ጠዋት ረቂቁን ይዞ ተቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

«ሸነድ፣ በእሻቱ» አለ።

እሳቱም አልተረፈም! ንጉሡም «ንጉሹ» ሆኖ ወረደ። የሰ ቤተሰብ በሙሉ ሸ ቤት ገብቶ ተደባለቀ። ራዲዮ ዓይኑን ከረቂቁ ሳያነሳ ሳቋን ጠበቀ። አልሳቀችም። ቀና ብሎ አያት። ፊቷ እንደ ወትሮው ወረቀቱ ላይ ተደፍቷል፤ እርሳሷ ይሄዳል።

መሳቅ ነበረባት። በጉንፋን ሳምንት ሙሉ የሳቀች ሴት፣ በዚህ እንዴት ዝም ትላለች? ሳቅ ቢሆን ይገባዋል፣ ይሳደባል፣ ያልፋል። ዝምታዋን ግን ምን ብሎ ይሳደባል?

ማክሰኞ ዕለት ሌላ ነገር አየ። እያነበበ ሳለ ባለመነጽሯ ብድግ ብላ፣ ጠረጴዛውን በክርኗ ተደግፋ፣ የእሱን ረቂቅ በዓይኗ አየችና ተቀመጠች። ከአሥር መስመር በኋላ ደገመችው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ረቂቁን አይታ አታውቅም፤ ምን ቆርጧት! ማንበብ የእሱ ነው፣ ማየት የእሷ። አሁን ሁለቱንም ወረቀት በሁለት ዓይኗ ታስተያያለች። ይህ ደግሞ ቃል በቃል አለቃው በራቸው ላይ ቆሞ ያለው ነው።

ረቡዕ ወረቀቷን አገኘ። አገኘ ማለት አየ ማለት ነው። ከመነጽር ቤቱ ሥር የእጅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ወረቀት አለች። እሱ ሲያነብ፣ አልፎ አልፎ፣ እርሳሷ ከእርማቱ ወርዶ እዚያች ላይ ትንሽ ጭረት ያስቀምጣል። ሆን ብሎ «ሸኔ» አለ፣ ሰኔ ለማለት። ጭረት። «ሸነበተ» አለ። ጭረት። «መቶ» አለ። ዝም።

ትቆጥርበታለች!

ምሳ ሰዓት ደረሰ። በድልድዩ ምክንያት በአንድ ጎን እያላመጠ በሌላው ጎን ያስባል። ለማን ነው የምትቆጥረው? ለአለቃው ነዋ። በዓመቱ መጨረሻ ወረቀቷን አውጥታ «ይኸው፣ በቀን ይህን ያህል ይሳሳታል፤ እኔ ግን በዓይኔ ብቻ እጨርሰዋለሁ» ልትል ነው። ጥርስ ውስጥ ገብቻለሁ አለ በልቡ፤ ጥርስ ሊነክስባት ቢፈልግም ሐኪሟ ጠንካራ ነገር እንዳይነክስ ከልክላዋለች።

ሐሙስ ባለመነጽሯ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ጋሼ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ለሸም ስም እናውጣላት እንዴ?»

«ለማን?»

«ለሸ ነዋ። ንጉሡ አለ፣ እሳቱ አለ። እሷ ብቻ ስም የለሽ ሆና ቀረች። ብትመጣ እንድናውቃት ብዬ ነው።»

ራዲዮ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህ የሚያስቅ ሐሳብ ነበር፤ ምናልባትም ራሱ ያመጣው ነበር። «ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ሽም ኖራለች፤ ትኑር!» አለ። ድምፁ ማሽነሪው ክፍል ድረስ ተሰማ። ደግሞም ያን ቀን ልታይ ብድግ ስትል ረቂቁን ወደ ደረቱ ሳበው። «ይሄ የኔ ነው! ያንቺን እዪ!»

ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ብድግ አላለችም።

ይህ ያረጋጋው ይመስላችኋል? ጭራሽ! ይኸው፣ ነቄ ስል ተወችው አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከአለቃው ቢሮ ስትወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ደነገጠች። «ስለ በሩ ነው ጋሼ» ብላ አለፈች። ስለ የትኛው በር? ስለ መውጫው በር ይሆናላ! እውነትም በማግስቱ አናጢ መጥቶ በእነሱና በማሽነሪው ክፍል መካከል ያለውን፣ ዓመታት አልዘጋ ብሎ የኖረውን በር ጠግኖ ዘጋው። ራዲዮም ለዚህ ትርጉም አላጣለትም። ምስክር እንዳይሰማ ነው፣ አለ።

ማታ ለሚስቱ በምልክትና በሸ አስረዳት። እሷም ሽንኩርቷን እየከተፈች ሰማችው።

«ለምን ራሷን አትጠይቃትም?»

«ትክዳለች።»

«ካልካደችስ?»

ካልካደች ምን ያደርጋል? ስለዚህ አልጠየቃትም።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ታመምኩ ብሎ ወጥቶ ሐኪሟ ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ሰማያዊ ወረቀት ጥርሱ መካከል አስገብታ «ይግጠሙ፣ ያፋጩ» አለችው። ከዚያም ድልድዩን ከኋላ በኩል በትንሽ መሞረጃ ጥቂት ጥቂት ፋቀችለት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ ይምጡ ብዬዎት አልነበረም? ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?»

ሲጠረጥር እንደነበረ አልነገራትም።

«እስቲ ያችን ያንብቡልኝ» አለችው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እያሳየች።

«በየስድስት ወሩ ጥርስዎን ያስመርምሩ» ብሎ አነበበ። ቆመ። ደግሞ አነበበው። አራቱም ሰ በየቦታቸው፣ ንጹሕ ሆነው ወረዱ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሦስተኛውን ጊዜ በሙሉ ድምፁ ሲያነበው ውጭ ወረፋ የያዙት ሰዎች ማስታወቂያ የሚነገር መስሏቸው ተነሥተው ቆሙ።

ቤት ሲደርስ ገና ከበሩ «ስኳር! ሰዓት! ስልክ!» እያለ ገባ።

«ጣቢያው ተገኘ!» አለች ሚስቱ አጨብጭባ። «ለእሷስ ነገርካት?»

«ለማን?»

«ለማን ይለኛል! ሃያ ሁለት ዓመት ፊት ለፊትህ ለምትቀመጠው ነዋ።»

«አልነግራትም» አለ ራዲዮ። በመንገድ ላይ ሁሉን ነገር አስቦ ጨርሷል። ነገ ጥርት አድርጎ ያነባል። አንድም ሸ ያለ ቦታዋ አትወጣም። ባለመነጽሯ ግን ሳትሰማ፣ በልማድ፣ ጭረቷን ታስቀምጣለች። ያኔ የሐሰት ጭረት እንደምታስቀምጥ እጅ ከፍንጅ ይይዛታል፤ ወረቀቷን አንሥቶ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል።

«ነገር አትፈልግ፣ አንተ ሰው» አለችው ሚስቱ። አልሰማትም።

ረቡዕ ጠዋት የማስታወቂያ መጽሔቱ እርማት ነበር። በሳምንት አንዴ የሚወጣ፣ ማን ምን እንደጠፋበት፣ ማን ምን እንደሚሸጥ፣ ተቃዋሚ ካለ በስንት ቀን እንደሚቀርብ የሚለው ሁሉ የሚታተምበት ነው። ራዲዮ አነበበ። በሩ ተዘግቷል፤ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። በዓይኑ ጠርዝ ያችን ቁራጭ ወረቀት ይጠብቃል፤ ዐሥር ማስታወቂያ አለፈ፣ ሃያ አለፈ፣ እርሳሷ እርማቱ ላይ ብቻ ይሄዳል። ከማስታወቂያዎቹ አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፦ አንድ አዛውንት በስማቸው የተመዘገበውን ቤት ለጎረቤታቸው ለልብስ ሰፊዋ ስለሚሸጡ፣ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ። እንደተጻፈው አነበበው። ጥርት አድርጎ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሌላ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ባለመነጽሯ በድንገት ቀና አለች። መነጽሯን አውልቃ አየችው። ፈገግ አለች። ከዚያ ቁራጯን ወረቀት ስባ ረዘም ያለ ነገር ጻፈችባት፤ አጥፋም መነጽር ቤቱ ውስጥ ከተተቻት።

ይኸው ጨረሰች፣ አለ ራዲዮ በልቡ። ሂሳቧን ዘጋች።

መጽሔቱ ቅዳሜ ወጣ። ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ መጣች። መጽሔቱን ጠቅልላ እንደ ዱላ ይዛዋለች፤ አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትሯ ተንጠልጥሏል። ከስፌት መኪናዋ ላይ ተነሥታ በቀጥታ መምጣቷ ነው።

«ማነው የሰጠኝ?» አለች ከበሩ። «ማነው ለኔ ቤት የሰጠኝ? ገዛሁት እኮ! ዕድሜ ልኬን ፔዳል ረግጬ ገዛሁት!»

መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ለልብስ ሰፊዋ ስለሚሰጡ» ይላል። ስለሚሰጡ! የጽሕፈት ሠራተኛው ሸን በሰ መትቶታል፣ ያ ስህተት ደግሞ በእነሱ ክፍል በኩል ሰላምታ ተሰጥቶት አልፏል።

«ሰፈሩ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። እሳቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ‹ስለምን ሰጧት?› ይላል ሰፈሩ። ልጆቻቸው ትናንት በሬ ላይ ቆመው ‹አባታችንን ምን አድርገሽው ነው?› አሉኝ። ደንበኛዬ ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ ክንዷን እንደዘረጋች፣ ‹እስቲ ለኔም ንገሪኝ› አለችኝ! በአንድ ፊደል ስሜን አጠፋችሁት!»

መቆጣት አቅቷት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ራዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል ሰው እንደሚመታ አየ። ባለመነጽሯ ግን መጽሔቱን አላየችም። እያየች ያለችው ራዲዮን ነው፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

አለቃው ሁለቱንም ቢሮው አስጠራ። ረቂቁንና እርማቱን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ረቂቁ ላይ «ስለሚሸጡ»። እርማቱ ላይ «ስለሚሰጡ»፣ ከሥሩም የባለመነጽሯ ፊርማ።

«ጋሽ ራዲዮ፣ እንዴት ብለው ነው ያነበቡት?»

«እንደተጻፈው» አለ ራዲዮ። «ስለሚሸጡ።» ሸም ሰም በየቦታቸው ናቸው። ይህን ቀን ወር ሙሉ ሲጠብቀው ስለኖረ፣ የቀረውም ተከትሎ ወጣ። «እሷ ሥራዋን ትታ እኔን ስትቆጥር ነው ያመለጣት። ወር ሙሉ ጥርሴን ስትቆጥር ነው የከረመችው። ወረቀት አላት። መነጽር ቤቷ ውስጥ ናት፤ ያውጧት!»

ባለመነጽሯ አልካደችም። ቡናማውን ቤት ከፈተች፤ ወረቀቷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አለቃው ዘርግቶ፣ ደረቅ በሆነ ድምፁ፣ ጮክ ብሎ አነበበ። ማንበብ አይችልበትም፤ ሁሉንም በአንድ ልክ ነው የሚያወርደው።

«ጋሼ ሸ ካሉ ሰ ነው። ይሰጣል፣ ይሸጣል። ይሳላል፣ ይሻላል። ሰፈነ፣ ሸፈነ። እነዚህ ሲመጡ ረቂቁን ማየት።» ቆም አለ። «ይሄ የመጨረሻው ተሰርዟል። ከጎኑ ‹ይቆጣሉ› ይላል።»

ራዲዮ ክው አለ።

«ሰኞ አርባ አንድ» አለ አለቃው ቀጥሎ። «ማክሰኞ አርባ። ሐሙስ ሠላሳ ስምንት። ሁለተኛ ሳምንት ሰኞ ሠላሳ፣ እየተሻላቸው ነው። አራተኛ ሳምንት ዐርብ ሃያ ሁለት፣ ተመስገን። አምስተኛ ሳምንት ረቡዕ፣ ከሰዓት፦ አንድም የለም። ጋሼ ዳኑ። ወረቀቱን መጣል።»

ወረቀቱን አስቀመጠ። «ታዲያ በሩን ያዘጉልኝ ያሉኝ በማሽን ድምፅ ምክንያት አልነበረም?» አላት።

«የጋሼ ድምፅ ውጭ እንዳይሰማ ነው» አለች ባለመነጽሯ። «እስኪድኑ ድረስ ብዬ ነው። ያን ረቡዕ ጠዋት ማስታወቂያው ስለበዛ ጭረቱን ትቼ ነበርና መዳናቸውን አላወቅሁም። ‹ስለሚሸጡ› ሲሉ እንደለመድኩት ‹ስለሚሰጡ› አድርጌ ሰማሁት። መዳናቸው የገባኝ ከሰዓት ነው። ደስ ብሎኝ የጠዋቱን መለስ ብዬ ማየት ረሳሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ፊርማውም የርስዎ ነው» አለ አለቃው። «ከነገ ጀምሮ ማሸጊያ ክፍል ይወርዳሉ።»

«እሺ» አለች። መነጽር ቤቷን ዘጋች።

የራዲዮ ምላስ በልማዱ ወደ ድልድዩ ሄደ። ወፍራም ነገር አላገኘም፣ የሚጠረጠር ነገር አላገኘም። ለስላሳ ነው። አፉ ሙሉ በሙሉ የራሱ ሆኗል፤ ዝም ቢል ደግሞ ወንበሩም የራሱ ይሆናል። ለጥቂት ጊዜ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዝም ለማለት አስቦ ነበር።

«ቆይ» አለ። «ማክሰኞ ሐኪም ቤት ሄጄ አስተካክዬ መጥቻለሁ። አልነገርኳትም። ረስቼው አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው። ላጠምዳት ነበር።»

«ለምን?»

«ወንበሬን የምትወስድብኝ መስሎኝ።»

አለቃው አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየ። «ጋሽ ራዲዮ፣ ወንበሩን የምወስደው እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም» አለ። ከዚያም ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ማሸጊያው ይቅር። አሁን ማረሚያውን ጽፋችሁ ለልብስ ሰፊዋ አሳዩዋት፣ ዛሬውኑ ይግባ። ከእንግዲህ ግን ሰማሁ ማለት አይሠራም፤ እሷ ረቂቁንም በዓይኗ ታያለች። የርስዎን ነገር በዓመቱ መጨረሻ እንነጋገራለን።»

ምን እንደሚነጋገሩ ራዲዮ አውቆታል።

ማረሚያው ተጽፎ፣ ተተይቦ፣ ለእርማት ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ ሜትሯን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ትጠብቃለች። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ባለመነጽሯ መነጽሯን አጠለቀች፤ ቀና ብላ አላየችውም። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማረሚያ። አዲስ መስመር። ባለፈው እትም፣ አዛውንቱ ቤታቸውን ለልብስ ሰፊዋ እንደሚሰጡ፣ በእሳቱ፣ ተደርጎ የወጣው ስህተት ነው፤ አራት ነጥብ። አዛውንቱ ቤታቸውን ለልብስ ሰፊዋ የሚሸጡ...»

ቆመ።

«በድልድዩ ሸ» አለ።

እርሳሷ ባለበት ቀረ። አልሳቀችም። ምልክቷንም አላስቀመጠችም፤ ብድግም አላለችም። ከተቆጣባት ቀን ጀምሮ ቁጭ ማለት ለምዳለች።

ራዲዮ ረቂቁን ከደረቱ አላቀቀና ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። የወረቀቱን ፊት ወደ እሷ አዙሮ ገፋላት፤ ጣቱን ከቃሉ ሥር አደረገ። «በዓይንሽ እዪው፣ እህት ዓለም» አለ።

አየችው። ለአንድ ቃል ብዙ ጊዜ ወሰደች። ከዚያ ምልክቷን አስቀመጠች።

«ይቀጥሉ ጋሼ» አለች።

ረቂቁን መልሶ አልወሰደውም። ወደ እሷ እንደዞረ ተወው፤ የቀረውንም ከማዶ፣ ፊደሉ እንደተገለበጠ አነበበ።